ትኩሱ በግራ ነው፦ ስለ እትዬ ፍም ማረፍና ስለ ኮሪደሩ ግድግዳ

ከቀን ኮከብ ማኅበር
ለኮሌጁ ሠራተኞች፣ ለተማሪዎች፣ ለቀድሞ ተማሪዎችና ለሕዝብ

የኮሌጃችን የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ፣ የማኅበራችን መሥራች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጀማሪዎችን የኮከብ ትምህርት ያስተማሩት፣ ተማሪው ሁሉ «እትዬ ፍም» እያለ የሚጠራቸው መምህራችን ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በልጃቸው ቤት በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማኅበሩ አባላት በሙሉ ከልብ አዝነናል። ተቆጥተናልም። የቁጣችንን ምክንያት ከታች እንገልጻለን፤ በሐዘን መግለጫ ላይ ቁጣ አይጻፍም የሚል ካለ ያልተቆጣበትን የራሱን ይጻፍ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውቅ። በዚህ መግለጫ ውስጥ «ኮከባችን ወደቀ» የሚል ቃል አይገኝም። እትዬ ፍም ይህን አባባል ሲሰሙ ደማቸው ይፈላ ነበር። «የሚወድቀው ድንጋይ ነው፤ ጥፍር የምታህል ጠጠር አየር ላይ ስትቃጠል ነው የምታዩት። ኮከብ ምን ሆኖ ይወድቃል? ወዴትስ ይወድቃል? እኔ ስሞት ኮከብ ወደቀ የሚል ሰው ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ ይደግማል!» እያሉ በየዓመቱ ያስጠነቅቁን ነበር። ማኅበሩ ትምህርቱን መድገም ባይጠላም ትእዛዛቸውን አክብሯል።

መግለጫው ከኮሌጁ አስተዳደር ጋር በጋራ እንዲወጣ ዓርብ ዕለት ተጠይቀን ነበር። የተሰጠን ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፦ በምድር ቤቱ ኮሪደር ስላለው ግድግዳ አንዲት ቃል እንዳትነሣ። ጥያቄውን መርምረን መልስ ለመስጠት አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። እትዬ ፍምን ከግድግዳቸው ነጥለን አንቀብርም። ስለዚህ መግለጫው የእኛ ብቻ ነው። ማኅተሙም የእኛ ነው፤ ጥፋት ከተገኘበትም ጥፋቱ የእኛ ነው።

እትዬ ፍም ወደ ኮሌጁ የመጡት ሊያስተምሩ አልነበረም። የቅጥር ደብዳቤያቸው ፕሪዝም፣ ሌንስ፣ ሽቦና ባትሪ ተረክቦ ስለማስረከብ ብቻ ነው የሚያወራው። በመጀመሪያው ዓመት የፊዚክስ መምህሩ ታመው በቀሩበት ሳምንት ክፍሉ ሲንጫጫ ሰምተው ገቡ። በእጃቸው የነበረውን ቀጭን ሽቦ ከባትሪ ጋር አያያዙት። ሽቦው መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆነ፤ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ ቢጫ፤ ወደ ነጭ ሲጠጋ ተበጠሰ። «ኮከብም እንዲሁ ነው። ቀዩ ቀዝቀዝ ያለው ነው፣ ነጩ ትኩስ ነው፣ ሰማያዊው ደግሞ አይጣል ነው። ቀለሙን ካያችሁ እጃችሁን ሳታቃጥሉ ግለቱን አወቃችሁ» አሉ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ያን ቀን ነው። መምህሩ ድነው ሲመለሱ ተማሪዎቹ «እትዬ ፍምስ?» ብለው አፋጠጧቸው፤ መምህሩም ቅን ሰው ነበሩና የሐሙስ ስምንት ሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ለእትዬ ፍም ለቀቁላቸው።

በሦስተኛው ዓመት ማኅበራችንን መሠረቱ። የማኅበሩ ስም ለሰሚ ግራ ቢሆንም ትርጉሙ ቀላል ነው። «ኮከብ ለማየት የግድ መምሸት የለበትም፤ የቅርቡ ኮከብ በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ አመሰግናለሁ የሚለው የለም» ይሉ ነበር። ፀሐይን በዓይን ማየት በማኅበሩ ሕግ ክልክል ነው። በካርቶን ቀዳዳ ነጭ ወረቀት ላይ አውርደን በእርሳስ እንከባታለን። ብርሃኗን በቀጭን ስንጥቅ አሳልፈው በፕሪዝም ሲዘረጉት በቀለማቱ መሀል ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። እትዬ ፍም ይህን «የኮከብ መታወቂያ» ይሉታል፤ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚግል የሚነበበው ከዚያ ነው።

ኮከቦች በግለታቸው በሰባት ወገን ይመደባሉ፦ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም። ኦ ከሁሉ ይግላል፣ ኤም ከሁሉ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐያችን ጂ ናት። ፊደሎቹ ለምን ተራቸውን እንደሳቱ ያልጠየቀ ተማሪ የለም። መልሳቸው አንድ ነበር። «የድሮዎቹ መጀመሪያ በሌላ ነገር ነበር የደረደሯቸው። በኋላ ስህተታቸውን አውቀው በግለት ሲደረድሩ ፊደሎቹ ተዘበራረቁ፤ እነሱም አልደበቁትም። ሰው ሲታረም እንዲህ ነው፣ ጠባሳው ይታያል።»

በስድስተኛው ዓመት የምድር ቤቱን ኮሪደር ግድግዳ ሣሉ። ርዝመቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ከታች ወደ ላይ ድምቀት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ግለት፤ ትኩሱ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ። ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ የአንድ ኮከብ ግለትና ድምቀት አስልቶ በገዛ እጁ አንድ ነጥብ ያስቀምጣል። ዛሬ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ነጥቦች አሉ። አብዛኞቹ ከላይ ግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ በሚወርድ ሸርተቴ ላይ ተሰልፈዋል፤ ኮከብ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው እዚያ ነው። በላይ በቀኝ ቀይ ግዙፎቹ አሉ፣ በታች በግራ ነጭ ድንኮቹ። ፀሐይን ራሳቸው እትዬ ፍም ናቸው ያስቀመጧት፤ ከካፖርታቸው ላይ ቢጫ ቁልፍ በጥሰው ለጠፉ። ካፖርቱ እስከ መጨረሻው ያለዚያች ቁልፍ ነው የተለበሰው።

በሰባተኛው ዓመት ስህተት ሠሩ። አንድን ቀይ ኮከብ ቀይ ስለሆነ ብቻ ከታች ከትንንሾቹ ቀዮች ጋር አስቀመጡት። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እትዬ፣ ይኼ እኮ ሩቅ ሆኖ ነው የደበዘዘብን፤ ርቀቱን ካሰብነው በጣም ግዙፍ ነው» አላቸው። እዚያው እርሳስ አውጥተው አሰሉ። ከዚያም ነጥቡን ከማጥፋት ይልቅ በቀይ ቀለም ከበቡትና «ይህን የሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ከሥሩ ጻፉበት፤ ትክክለኛውን ነጥብ ከላይ አኖሩ። ከዚያ ወዲያ ቀይ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያስተማሩት በዚያ ክብ ነው። ያ ተማሪ ዛሬ የዚህ ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ይህን መግለጫ እየጻፈ ያለውም እሱ ነው። ስህተቷን እንዲያ በአደባባይ የምታቅፍ ሰው ሁለተኛ አላየሁም። ማኅበሩ በ«እኛ» እንድጽፍ አዝዞኛል፤ ይቺን ግን ይለፉኝ።

በዘጠነኛው ዓመት የጥራት ኮሚቴ መጣ። ሦስት አባላት ኮሪደሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩና «ከሥር የተጻፉት የግለት ቁጥሮች ከግራ ወደ ቀኝ መጨመር ሲገባቸው ይቀንሳሉ፤ ሥዕሉ ተገልብጧልና ይታረም» ብለው ጻፉ። ጉድ እኮ ነው! ይህ ሥዕል በዓለም ሁሉ ትኩሱ በግራ ሆኖ ነው የሚሣለው፤ ከሰማያዊ ጀምሮ ወደ ቀይ ስለሚሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። ማንኛውንም የጀማሪ መጽሐፍ መግለጥ ይበቃ ነበር። እትዬ ፍም በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሱ፦ «ቁጥሩ ትክክል ነው። የኮሚቴው አባላት ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ለሚጀመረው የመጀመሪያ ትምህርት በአክብሮት ተጋብዘዋል።» ሦስት ወንበር አዘጋጅተው ጠበቁ። የመጣ የለም። የመጣው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱ «የበላይ አካልን መዳፈር» ይላል።

ያ ወረቀት ከማኅደራቸው አልወጣም። የመምህርነት ጥያቄያቸው አራት ጊዜ የወደቀው በእሱ ነው። አንድ መጽሐፍ ገልጦ «ተሳስተናል» ማለት ሲቻል፣ ኮሚቴው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ቀረ። እትዬ ፍም ግን በየሐሙሱ ሦስቱን ወንበሮች ከፊት ረድፍ ክፍት ይተዉ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ በነፃ ባስተማሩባቸው ሦስት ዓመታትም አላነሷቸውም።

የኮከብን ዕድሜ የሚያስተምሩት በበያጁ ታናሽ ወንድማቸው ጋራዥ ነበር። ኮከብ ከጋዝና ከአቧራ ደመና ይወለዳል፤ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ውስጡ ይቀጣጠላል። ትንሹ ቆጣቢ ነው፣ እጅግ ረጅም ዘመን ይኖራል። እንደ ፀሐይ ያለው ዐሥር ቢሊዮን ዓመት ያህል ነድዶ ያብጥና ይቀላል፣ የጋዝ ልብሱን አውልቆ ነጭ ድንክ ሆኖ ይቀራል። ትልቁ ያባክናል፤ ሲነድ ሲነድ ውስጡ ብረት ላይ ይደርሳል። ብረት ደግሞ ለኮከብ እሳት አይሆንም፤ ልቡ ይደረመሳል፣ ውጩ ይፈነዳል። እዚህ ላይ ወደ ወንድማቸው ዞር ይሉና «ይኼ አንተ የምትበይደው ብረት ስንቱን ጎረምሳ ኮከብ የገደለ ነው!» ይሉታል። እሱም ሁልጊዜ «እቴ፣ ታዲያ ለእኔ ሲደርስ ለምን ይዝጋል?» ይላል። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀልድ፣ ሠላሳ ዓመት ሳቅ። ቅዳሜ በቀብሩ ላይ ያን ቀልድ ሊናገር ጀምሮ አልጨረሰውም።

ባለፈው ወር አስተዳደሩ የኮሪደሩ ግድግዳ «ስህተት ያለበት በመሆኑ» ነጭ እንዲቀባ አዘዘ። ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው ከማኅደራቸው የተገኘው የዚያ ኮሚቴ ወረቀት ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን። እትዬ ፍም ያኔ ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው ነበር። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ወሬውን ልትደብቃቸው ሞከረች፤ ከእሳቸው ምን ይደበቃል? በተሽከርካሪ ወንበር ኮሪደሩ ድረስ ተወስደው አስተዳዳሪውን አስጠሩ። አስተዳዳሪው «ምነው እማማ፣ በዚህ ሕመም ላይ ስለ ግድግዳ ይጨነቃሉ?» አሏቸው። እሳቸውም በቀይ ወደ ተከበበው ነጥብ ጠቁመው «ልጄ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ስህተት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ተፈርሞበታል። ሌላ ካገኘህ ክበብና ፈርም» አሉ። አስተዳዳሪው ስብሰባ አለብኝ ብለው ሄዱ። ይህ የሆነው ከማረፋቸው ዐሥራ አንድ ቀን በፊት ነው።

ባረፉበት ሐሙስ ልጃቸው ስልክ ደውላ ስትነግረን ተማሪዎቹ ትምህርቱ ይቀር እንደሆን ጠየቁ። አልቀረም። ስምንት ሰዓት ላይ ሽቦውን ከባትሪው ጋር አያያዝን። እያለቀስን ነው ያስተማርነው፤ ሽቦው ግን እንደ ወትሮው ቀላ፣ ነጣ፣ ተበጠሰ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህ ነገር ሃያ ሁለት ዓመት አድሯል፣ ይበቃዋል። ስለዚህ የማኅበሩ አቋም የሚከተለው ነው። ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው ይውጣ፤ የሞተ ሰው ማኅደር ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ግድግዳ ሊያስቀባ የተነሣው ያው ማኅደር መሆኑን እናስታውሳለን። «መምህር» የሚለው ማዕረግ በደብዳቤ ይሰጣቸው፤ ቢከለከልም እኛ በማዕረጉ ከመጥራት ወደኋላ አንልም። ግድግዳው አይቀባም። ይህን የምንለው ልመና አድርገን አይደለም።

ለልጃቸው፣ አንቺ በሌሊት ተረኝነት ደክመሽ እንኳ ሐሙስ ሐሙስ እናትሽን ደግፈሽ ላመጣሽልን እህታችን፤ ለወንድማቸው፣ ጋራዡን ዘግቶ ለክፍላችን ለከፈተልን በያጅ፤ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ነጥባቸውን እዚያ ግድግዳ ላይ ላኖሩት ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል። ነጥባችሁ የት እንዳለ የረሳችሁ ካላችሁ ኑና ፈልጉት፤ መዝገቡ እኛ ዘንድ ነው። የእሳቸው ነጥብ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባተኛው ይሆናል፤ ልጃቸው ታስቀምጠዋለች።

አስተዳደሩ ቀለም ቀቢውን ለሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንደቀጠረው ሰምተናል። እኛም የዚህን ሳምንት ትምህርት ወደ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አምጥተናል፤ ቦታው ኮሪደሩ ነው። ከዳር እስከ ዳር ግድግዳውን ተጠግተን እንቀመጣለን። ሦስቱ ወንበሮች እንደ ወትሮው ከፊት ረድፍ ክፍት ናቸው፤ አስተዳዳሪው ቢመጡ አንዱ የእሳቸው ነው። ቀለም ቀቢው ሲደርስ ባልዲውን ያስቀምጥና ሁለተኛው ላይ ይቀመጥ። ትምህርቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል፦ ትኩሱ ለምን በግራ እንደሆነ።