ያንቺ ድርሻ

የኔ እመቤት፣ እንደምን አለሽልኝ? የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ።

እኛ ደህና ነን። ኧረ ምኑን ደህና ሆንነው! አባትሽ ትናንት የጎረቤትን በር በኛ ቁልፍ ሲታገል አገኘሁት። ዓይኑን አልታከምም ብሎ ድርቅ ብሏል። «ቁልፉ ነው የተበላሸው» ይለኛል።

ለክፍሌ ልጆች ሥነ ዜጋን በቡድን ማስተማር ጀምሬያለሁ። ስለ ኃላፊነት የሚለውን ትምህርት ለአራት ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ ልጅ ድርሻውን አጥንቶ ለቡድኑ ያስረዳል። ዛሬ አንዷ ዝምተኛ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ጭጭ አለች። እኔ መቼም አላስችል ብሎኝ ላስረዳላት ስል ጓደኛዋ፣ «ቲቸር፣ የሷ ድርሻ እኮ ነው! እንጠብቃት» አለችኝ። ጠመኔውን በእጄ ፈረካክሼ ጨረስኩት። በመጨረሻ ልጅቷ ተናገረች፤ ያውም እንዴት አድርጋ!

ከክፍል ከወጣሁ ጀምሮ ያንቺ ነገር እረፍት ነሳኝ። ወንድምሽ ለአባትሽ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዞለታል። እኔም ስለምነው ምላሴ ደረቀ። አባትሽ እሺ የሚለው አንቺን ብቻ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስትደውዪ ስለ ብርዱ ጠይቀሽው ትዘጊያለሽ።

ክፉ አይንካሽ፣ ልጄ። እሁድ ደውዪና የዓይኑን ነገር አንሺለት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ትንፍሽ ሳልል እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ