አሮጌዋን ሞተር ለምን እንደተውኳት

ይድረስ ለሙልዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብጽፍልህ ኖሮ ይህን ቃል አልጽፈውም ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ። ሙት ዓመትህን በወጉ ዘክረን ጥቁሬን አውልቄያለሁ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ደጋ ላይ አይሆንም ብዬ ስከራከርህ የነበረው የጓሮህ አፕል ዘንድሮ አራት ፍሬ ሰጠ፤ ሁለቱን ወፍ ቀደመኝ፣ ሁለቱን ስምህን እየጠራሁ በላሁ። ይጎመዝዛል። እንዳትኮራ ብዬ ነው ይህንን የምነግርህ።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ሞተር ገዛሁ። አዎ፣ እኔ። ግራና ቀኝ የዕቃ ሳጥን ያላት፣ ፊቷ ላይ የንፋስ መከላከያ የተገጠመላት፣ ሩቅ መንገድ የሚሄዱባት ዓይነት። እዚያም ሆነህ መሳቅህ አይቀርም። የእድራችን ሴቶች ጥቁር ባወለቅኩ በአራተኛው ወር ሞተር ላይ ሲያዩኝ ያሉትን አልነግርህም፤ ታውቃቸዋለህ።

ምክንያቴ እናትህ፣ እማሆይ ናቸው። ሞተርህን በህመምህ ጊዜ ከሸጥናት ወዲህ መርጡለ ማርያም መሄድ ፈተና ሆኖብኝ ነበር። አንተ ዝናብ ሆነ ፀሐይ እኔን ከኋላ ጭነህ በየወሩ እማሆይ ዘንድ ትደርስ ነበር። እኔ መኪና እየቀየርኩ፣ መንገድ ላይ እያደርኩ፣ ዓመቱን ሙሉ የሄድኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀርህ የለመንከኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ እማሆይን ብቻቸውን እንዳልተዋቸው። እሺ ብዬሃለሁ። በዓመት ሦስት ጊዜ ብቅ ማለት ደግሞ እሺ ማለት አይደለም። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ያኔ ሜዳ ላይ ስታስተምረኝ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ እያልክ የጮህክብኝ ሁሉ አልባከነም።

ያንተን ሞተር ይሠራልህ የነበረው መካኒክ፣ ጌታነህ፣ ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች አፈላልጎ ማርቆስ ጋራዡ ድረስ አስመጣልኝ። ሁለቱም ያንተዋ ዘመዶች ናቸው፤ አንዷ ታላቅ፣ አንዷ ታናሽ በላቸው። አሮጌዋ የመጣችው ከአማኑኤል ከተማ ነው። ቀይ ናት፣ በእግር ረግጠው የሚያስነሷት፣ ቁርጥ ያንተን ሞተር። መንገድ ላይ ብትቆም ካንዴላዋን ፈትቶ የሚጠርግ፣ ሽቦዋን የሚያስር ሰው የትም ገጠር አይጠፋም። አዲሷ ከደምበጫ መጣች። ግራጫ ናት፣ በጣት ተጭነው ያስነሷታል፣ ኮርቻዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ፍሬኗ ጭቃ ላይ አያንሸራትትም። ሆዷ ግን በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ አኩርፋ የቆመች ቀን ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ካልመጣ አትታረቅም። አንተ ብትኖር የቷን እንደምትወስድ አላጣሁትም። እንዲህ ያለ ሞተር ባየህ ቁጥር ይህ ስልክ ነው እንጂ ሞተር ነው ወይ ትል አልነበር?

መጀመሪያ አሮጌዋን ልሞክር ብዬ ወጣሁባት። ጌታነህ አጠገቤ ቆሞ እስክነሳ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልተንቀሳቀስኩም። ለካ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ሰውነት ምን ያድርግ፣ አንተ መጥተህ ከፊት እስክትቀመጥ ይጠብቃል። ጌታነህ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወደ ፊት ተስቤ ስቀመጥ ደግሞ መሬት የነካው የእግሬ ጣት ጫፍ ብቻ ነው። አዲሷ ላይ ስወጣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ረገጡ፣ አልከበደችኝም፣ እንዳዘዝኳት ሄደችልኝ። ግን ሰው ቤት በእንግድነት የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ልቤ አሮጌዋ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። እስከ ነገ እወስናለሁ ብዬ፣ የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ማርያም በማግሥቱ መጥተው ሞተሬን ጸሎት አድርሰው ፀበል እንዲረጩልኝ ቀጠርኳቸው። ነጋ፤ አልወሰንኩም። ጋራዡ ስደርስ አባ ቀድመውኛል። ማንንም ሳይጠይቁ፣ ጌታነህ አጥቦ ያቆማትን ቀይዋን የገዛሁ መስሏቸው፣ ጸሎቱን አድርሰው ከመሪዋ እስከ ጭስ ማውጫዋ በፀበል አርሰዋታል። ከአማኑኤል የመጣው ባለቤቷ ደስታውን አልቻለውም። ጸሎት የተደረሰላትን ሞተር ጥሎ መሄድ እንደማይሆን ለተሰበሰበው ሁሉ ያስረዳል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከመወሰን ተገላገልኩ፣ እግዜር መረጠልኝ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ጌታነህ ለመጨረሻ ጊዜ እንድሰማት ብሎ ረግጦ አስነሳት።

ሙልዬ፣ ድምፁ ያንተ ነው። ያው ወፍራሙ፣ በየመሃሉ ሳል የሚያቋርጠው። ዞር ብዬ የጋራዡን በር አየሁ። ሄልሜትህን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ የምትገባ መስሎኝ። ቀብርህ ላይ የቆምኩት እኔ፣ አፈርህን ያየሁት እኔ፣ በሩን አየሁ። ያን ጊዜ እማሆይ ትዝ አሉኝ። መንደራቸው መግቢያ ካለው ድልድይ ጀምሮ ሞተርህን ሰምተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ድረስ ይወጡ ነበር። ይህን ድምፅ ይዤ ብሄድ ይወጣሉ። ልጄ መጣ ብለው ወጥተው እኔ ብቻዬን ስወርድ ያዩኛል። መርዶህን አንድ ጊዜ በአፌ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁለተኛ በሞተር አልነግራቸውም። ቦርሳዬን ዘጋሁና አዲሷን ነው የምገዛው አልኩ።

የአሮጌዋ ባለቤት የተረጨው ፀበልስ ብሎ ተቆጣ። እኔ ምክንያቴን ለአባ በጆሯቸው ነገርኳቸው። የፀበሉን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስተው አዩና ለሰውዬው «ገና ግማሽ አለ፤ ያንተንም የሚገዛት የእግዚአብሔር ሰው ነው» አሉት። እሱም ይፍቱኝ ብሎ መስቀል ተሳልሞ ሄደ። አዲሷንም ረጯት። ጌታነህ ብቻ ኤሌክትሮኒኳ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ በካርቶን እየከለለ፣ አባ ትንሽ ይበቃታል፣ አባ ትንሽ ይበቃታል እያለ ይለምናቸው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አለፍኩ። አልወደቅኩም። አንድ ቦታ ብቻ መሃል መንገድ ላይ የተኛ በሬ አልነሳም ብሎኝ ወርጄ አባበልኩት። እየዘፈንኩ ነበር የምሄደው፣ ሄልሜት ውስጥ ማን ይሰማኛል። ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ የእውነት ደስታ ተሰማኝ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ደስ ስላለኝም አላፈርኩም።

ድልድዩን ተሻገርኩ፣ አጥሩ ሥር ቆምኩ፣ ማንም አልወጣም። እማሆይን ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ደንግጠው ጎመኑን በተኑት። ተቃቅፈን ትንሽ አለቀስን። ከዚያ ሞተሯን ዞረው ዞረው አዩና፣ ይህን ያህል አካል ይዛ ለምን ድምፅ እንደሌላት ጠየቁኝ። ልዋሻቸው አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። አሮጌዋን፣ ድምፁን፣ በሩን ማየቴን ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያዩ ሰምተው ጨረሱ።

«አበጀሽ» አሉኝ። «ያንን ብሰማው ልቤ ይወጣ ነበር። ግን እኔ ልጄ ሲመጣ ወጥቼ ነው የምቀበለው። አንቺስ ልጄ አይደለሽም? ድልድዩ ላይ ስትደርሺ ክላክስ አድርጊልኝ።»

ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ጎመን መልቀም ጀመርኩ።

አድሬ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረግኩላቸው። ዞር ስል አጥሩ ጋ ቆመው መቋሚያቸውን ያወዛውዛሉ።

በየወሩ እሄዳለሁ፣ ሙልዬ። ቃሌ ቃል ነው። መንገዱን ሁሉ አንተን እያሰብኩ እነዳለሁ፣ እየሳቅሁም እያለቀስኩም፣ እንዳመጣጡ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ክላክሱን የምነፋው በራሴ ስም ነው፤ እማሆይ ከእንግዲህ እስከ አጥሩ የሚወጡት እኔን ለመቀበል ነውና።

ያንተዋ እናኑ