መሬት ያልደረሰ ሽቦ

ጋምቤላ፣ መጋቢት 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ጅማ ላለው ልጄ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ? ያቺ ገና ያላየኋት ልጅህ ጥርስ አወጣች ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱ ዘንድሮ ብሷል፤ የባሮ ወንዝም ወርዶ አሸዋው ገጦ ይታያል። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ዶርቃ ናት። አባባ፣ ይቺን ቃል ላለስልስልዎት እያለች ታስቸግረኛለች። እንዳልኩሽ ጻፊ ብያታለሁ።

እናትህ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለም። ሬዲዮኑን እከፍትና ከሬዲዮኑ ጋር እጣላለሁ። ግን እንድታዝንልኝ አላጻፍኩም፤ ነገር ስላለኝ ነው።

ክልሉ የራሱን የንግድ ቢሮ ከከፈተ ወዲህ አዲስ ደንብ መጥቷል። ሱቅም ይሁን ሻይ ቤት፣ ወፍጮም ይሁን ፀጉር ቤት፣ የመብራት መስመሩ ተመርምሮ ካልተፈረመለት የንግድ ፈቃዱ አይታደስም። የሚፈርመው ማነው ብዬ ልጠይቅ ቢሮው ሄድኩ። ኦጆት የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ ተቀበለኝ፤ ስድ አይደለም፣ ተነስቶ ወንበሩን ሰጠኝ። የዚህን ከተማ ግማሽ ሱቅ መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ያውቃል፤ አባቱ ቤት የመጀመሪያውን አምፖል የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ወረቀት አለዎት ወይ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ እጅ አለኝ አልኩት። እሱስ ልክ ነው አባባ፣ ግን መፈረም የሚችለው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ብቻ ነው አለ። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው የለም፤ ከሌላ አገር እስኪመጣ ይጠበቃል።

ተናድጄ ወጣሁ። ድልድዩ አጠገብ ለስላሳ የምትሸጠውን አጅዋንግን ታውቃታለህ። ፈቃዷ ሊያልፍባት ነው ብላ ተጨንቃ ነበር። መስመሯን አየሁና ደህና ነው አልኳት። እንደ ወትሮዬ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አትሜ ቆጣሪው አጠገብ ለጠፍኩላት። ቢሮው ባይቀበለው እንኳ ሰዉ የእኔን ጣት ያውቃል ብዬ።

በሳምንቱ፣ መብራት እንደመጣ፣ ልጇ ፍሪጁን ስትከፍት ነዘራት። አንስቶ ወረወራት። ተርፋለች፤ ክንዷ ግን እስከ ዛሬ ይደነዝዛታል።

ወዲያው ባለወረቀቱ መርማሪ መጣ። መሣሪያውን ሰክቶ አየና መሬት የለውም፤ ያፈተለከው ኤሌክትሪክ ወደ ምድር የሚወርድበት መንገድ የለም አለ። የመሬት ሽቦውን በገዛ እጄ ከውሃ ቧንቧ ጋር ያሰርኩት እኔ፣ ይዋሻል አልኩ በሆዴ። ሰውዬው ቧንቧውን ተከትሎ አስቆፈረ። ከላይ ብረት ነው፤ ከሥር ግን አምና ሲጠገን ፕላስቲክ ሆኗል። ያ ሁሉ ሽቦ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

አንተ ከሙያ ትምህርት ቤት የብቃት ወረቀትህን ይዘህ የመጣህ ዓመት ይህንኑ ነግረኸኝ ነበር። ቧንቧ ነገ ይለወጣል አባዬ፣ ለመሬት ሽቦው የራሱን ብረት እንቅበርለት አልከኝ። እኔም በሰው ፊት ወረቀትህን ቀቅለህ ብላ አልኩህ። በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

መርማሪው ጣቴን ያተምኩበትን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አነሳና ይህ የማን ጣት ነው ብሎ ጠየቀ። ጣት ስም አይናገርም። አጅዋንግ አቀረቀረች። ልጇ የተጎዳችባት ሴት እኔን ላለማዋረድ ዝም አለች። በሩ ክፍት ነበር፤ መውጣት እችል ነበር።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ሰውዬው አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ከቧንቧ ጋር ያሰርኩት አሥራ አራት ቤት ነው። እየገባሁ ፍሪጃችሁን ንቀሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። አንዳንዱ ደንግጦ ያመሰግነኛል፣ አንዳንዱ ያጉረመርማል። ፀጉር ቆራጩ ዘርአብሩክ፣ ምላሱን ታውቀው የለ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ይሳሳታሉ እንዴ? ዓለም ሊያልፍ ነው በሉኛ» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ማሽኑን ነቅዬለት ወጣሁ።

ትናንት ኦጆት ቤቴ ድረስ መጣ። ደንቡ ወረቀት የሌለው ሰው ጨርሶ አይሥራ አይልም፤ ወረቀት ያለው ሰው በኃላፊነት ካሠራውና መርምሮ ከፈረመ ይበቃል አለኝ። ያ መርማሪ እስከ ሰኔ አይመለስም። እስከዚያ የአሥራ አራቱ ሰዎች ፈቃድ ያልፋል፤ አንዳንዱም መታገሥ አቅቶት ፍሪጁን መልሶ ይሰካል። እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ የማጣው። ያ ወረቀት ያለው ሰው፣ እኔ የማውቀው፣ አንድ ብቻ ነው።

ና አላልኩህም። ሥራ እንዳለህ፣ ቤተሰብ እንዳለህ አውቃለሁ። ዶርቃ ይቅርታ የሚል ቃል ልጨምርበት ወይ ብላ ብዕሯን አንስታ ታየኛለች። እኔ ያላልኩትን አትጻፊ፣ እሱ አባቱን ያውቃል አልኳት።

የሚቀበሩትን ብረቶች ገዝቼ በረንዳው ላይ ደርድሬያለሁ። መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ አንዱ በመዶሻ ይመታል። በእኛ ሥራ የሚመታው ዋናው ባለሙያ ነው፤ የሚይዘው ረዳቱ ነው። እኔ እይዛለሁ።

እግዚአብሔር ከድንገተኛ ነገር ይሰውርህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። የእናትህ ምርቃት በሄድክበት ይቅደምህ።

አባትህ