የኋላው በር

የኔ ልጅ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ሳሉ ለቆታል፣ ጭቅጭቁ ግን ብሶበታል።

ከሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከፋብሪካችን የጨርቅ መጋዘን ጭስ ወጣ። እኔና እህትሽ ከሌሎቹ ሰፊዎች ጋር ወደ ኋላው በር ሮጥን፤ ተቆልፏል። ሱፐርቫይዘሩ ሾልካችሁ ትወጣላችሁ ብሎ ነው የሚቆልፈው። የማሽኖቹ መካኒክ በብረት ሰብሮልን ወጣን፤ እሳቱም ሳይስፋፋ ጠፋ። እህትሽ በግፊያው ክንዷ ተላጠ እንጂ ደህና ናት፤ አትደንግጪ።

በማግስቱ ስንገባ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በርጩማዬን ጎትቼ በሩ ፊት ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ወደ ማሽንዎ ይመለሱ" አለኝ ሱፐርቫይዘሩ።

"ይከፈትና እመለሳለሁ" አልኩት።

እህትሽ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ማሽናቸውን አጠፉ። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። እኔን ግን ክር መቁረጫ ክፍል አዛወሩኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል እግሬ ያብጣል።

እሱስ ያልፋል። እረፍት የነሳኝ ያንቺ ነገር ነው። አንቺም ሰው አገር የምትውይው ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የምትሠሪበትን ፋብሪካ የኋላ በር ስጠይቅሽ "ደህና ነው" ብለሽ አትለፊኝ። እባክሽ ልጄ፣ ነገ ስትገቢ በገዛ እጅሽ ገፍተሽ እይውና ጻፊልኝ።

በሰላም ያስገባሽ፣ በሰላም ያስወጣሽ።

እናትሽ