የተቆለፈው ጓንት

ለልጄ ለርሆቦት፣ ያለሽበት አገር ድረስ ምርቃቴ ይከተልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። ኮልፌ ደህና ነን፤ የጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ብቻ እንደተወሽው ነው።

አገር ቤት ግን ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ትኩሳት ገብቷል። አጎትሽ ዱባለ የሚመራው ዕድር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የገዛውን ጓንትና በረኪና ከድንኳኑ ጋር መጋዘን ውስጥ ቆልፎበታል። ለዱባለ ደውዬ "ክፈተው እንጂ!" ስለው፣ "የዕድር ንብረት ያለ ጉባኤ ውሳኔ አይወጣም" አለኝ። ጉባኤ ደግሞ በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ ተከልክሏል። ዝግጅቱ እንከን የለውም፤ ሰው ብቻ አይነካውም።

አክስትሽ ዓለም የታመመች ጎረቤቷን የምታስታምመው እጇ ላይ ፌስታል አስራ ነው። ትናንት ስደውልላት "እሱም ተቀደደ፣ እህቴ" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ልሂድላት ብል መንገዱ ተዘግቷል። ቁጭ ብዬ ስልኩን አያለሁ።

ዱባለ እኔን አይሰማም፤ በአንቺ ግን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይኮራል። እባክሽ ልጄ፣ ይህን እንዳነበብሽ ደውዪለትና "ጋሼ፣ ዛሬውኑ ክፈተው" በይው። ማን ሾመሽ አይልሽም፤ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ጉባኤ አያስጠራም።

የአክስትሽን እጅ የሚጠብቅ አምላክ አንቺንም ይጠብቅልኝ።

እናትሽ