ያልተቀደዱት ፖስታዎች

ለተከበርህ ወዳጄ፤

ዛሬ ከባቡር እንደ ወረድሁ፣ ወንድሜ ቤት ሳልደርስ፣ ለስብስብህ የሚሆን ቴምብር ልፈልግልህ ወደ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር ነጋዴዎች ሰፈር ጎራ አልሁ። እኛ ዘንድ ቴምብሩ በውኃ ተነክሮ ይላጣል፤ እዚህ ግን ከነፖስታው ይሸጣል። ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ የገዛ እጄን ጽሕፈት አየሁ። ለወንድሜ የላክኋቸው ደብዳቤዎች በክር ታስረው ተቀምጠዋል፤ አንድም የተከፈተ የለም።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ ከተቀደደ ዋጋ አያወጣም» አለኝ ነጋዴው።

«ባለቤቱ ለምን አላነበባቸውም?»

«ታላቅ ወንድሙ ነው አሉ የሚጽፍለት። ‹ቁጣውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቴምብሩ ግን ያምራል› እያለ ያመጣልኛል።»

የመጨረሻውን ገዝቼ እዚያው ቀደድሁት። የእናታችንን መታመም ያስታወቅሁበት ነበር። ነጋዴው «አበላሹት እኮ» ብሎ አዘነልኝ።

በቀብሯ ዕለት ስላልመጣ «እናቱን የከዳ» ብዬ በሰው ፊት እንደ ረገምሁት ታስታውሳለህ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍሁለትም፤ ስለዚህ መሞቷን እስከ ዛሬ አያውቅም። የወንድምን ደብዳቤ ሳያነቡ መሸጥ ነውር ነው፤ ይህን አልተውለትም። ነገር ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ተግሣጽ ብቻ ስሰድድለት የኖርሁት እኔ ነኝ።

የምጽፍልህ ፖስትካርድ ሞላ። ለባለቤትህና ለልጆችህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በቀብሩ ላይ ለነበሩትም እርግማኑን ማንሣቴን ንገርልኝ። እኔ አሁን ተነሥቼ የእናታችንን ሞት ላረዳው እሄዳለሁ።