አባዬ የማይለቀው ወንበር

የካቲት 3፣ ሰኞ

አባዬ ዛሬም ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ጽ/ቤቱ። ወረዳውን ማስተዳደር ከጀመረ ወዲህ ገበታ ላይ የሚቀርበው ስልኩ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት እሱን ደፍሮ የሚናገር የለም። እኔም ጭምር።

ወደ ደ/ብርሃን የሚወጣው መንገድ አሁንም ዝግ። ጤ/ጣቢያችን መድኃኒት እየጨረሰ ነው። አዋላጅ ነኝ፤ ምጥ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ከሰዓት በኋላ መምሬ ተክሌና ሼህ ኑሩ ቤት መጡ። ጫካ ገብተው መንገዱን ከዘጉት ታጣቂዎች ጋር ተነጋግረው መመለሳቸው ነው። ሰዎቹ መንገዱን ለአምቡላንስና ለእህል እንከፍታለን ብለዋል፤ ከአባዬ ጋር ግን አንቀመጥም። እሱ ይልቀቅና ምክትሉ አቶ ግዛው ያነጋግረን አሉ።

መምሬ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ብዙ ደክመሃል። አሁን እረፍ» አሉት።

አባዬ ፈገግ አለ። «መምሬ፣ እኔ አንድ ቀን ዞር ብል ይህ ወረዳ ይበተናል።»

ሼህ ኑሩም፣ «አባትህ ሲሞቱም እንዲሁ ብለን ነበር። ቀበርናቸው፤ አገሩ ይኸው አለ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ምሽት

አቶ ግዛው ታሰረ። ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሽማግሌዎቹን እንስማ አለ። ጥፋቱ ይኸው ነው።

አባዬን ጠየቅሁት። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ ልጅነቴ አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ። ግዛው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን የዋህ ነው፣ ይጫወቱበታል። ከሥሩ ካሉት አንድም የደረሰ የለም። ሸክሙን ለማን ይስጠው?

ማስታወሻዬ፣ ከልቡ ያምነዋል። ጉቦ አይበላም። ለራሱ ቤት እንኳ አልሠራም። ሌባ ቢሆን የምለው አላጣም ነበር። አገር የማድነው እኔ ብቻ ነኝ ለሚል ሰው ምን ይባላል? ደከመኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

አስካለ ሞተች።

ልትወልድ ጤ/ጣቢያችን መጥታ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። በሰላም ወለደች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። የነበረኝን መርፌ ሁሉ ሰጠኋት። ማህፀኗን አሸሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። ደም ያስፈልጋታል፤ እሱ ያለው ደ/ብርሃን ነው። አምቡላንሱ ወጣ። እስከ ታጣቂዎቹ ኬላ ደረስን፤ አናሳልፍም ብለው መለሱን።

መኪናው ውስጥ እጄን ይዛ፣ «መንገዱ ተከፈተ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እየሄድን ነው» አልኳት።

እየተመለስን ነበር።

ሕፃኑ ደህና ነው። ወንድ። ባሏ ይቀበለኝ ብዬ ዘረጋሁለት፤ አላየኝም። አልፈርድበትም። ምንም አይታየኝም ዛሬ። ጸሎትም እምቢ አለኝ።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ለአባዬ ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። የእውነት እንባ። ማስታወሻዬ፣ ለአፍታ ተስፋ አደረግሁ። አሁን ይገባዋል አልኩ።

ፊቱን ጠረገ። «አየሽ ልጄ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥዬው ብሄድ ይህን ሕዝብ ማን ያጽናናዋል?»

ቀብሩ ላይ ሊናገር ነው። አጠገቤ ቁሚ፣ ሕዝቡ ቤተሰቤም እንዳዘነ ይይ አለኝ። 

መንገዱን የዘጉት ጫካ ያሉት ናቸው፤ ያም አይካድም። እነሱም ይጠየቁበታል። ግን የሚከፈትበት ቃል እዚህ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። የመለሰው አባዬ ነው። የአስካለ እናት ይህን አታውቅም። ዛሬ ከቀብር በፊት ከኔ አፍ ትሰማለች። እሱ ሲናገርም ከእሷ ጎን ነው የምቆመው። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ቤት የምመለስ አይመስለኝም። አባቴን እወደዋለሁ፤ ማስታወሻዬ፣ ይህንንም ያዢልኝ።

የአባዬ መኪና ሞተሩ ተነስቷል። አባዬ ክላክስ እያስጮኸ ነው። አሁን ደግሞ በስሜ እየጠራኝ ነው፣ ረፈደ እያለ።

ይሂድ። በእግሬ እሄዳለሁ።